የክፍል ቁጥርና የጥያቄ ደረጃ፦ የትምህርት ቤት ሂሳብን በእርከን ስለ መደልደል

የትምህርት ቤት ሂሳብን በደረጃ መከፋፈል ሲታይ ቀላል የአስተዳደር ሥራ ይመስላል። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በመማሪያ መጻሕፍት ተከፋፍሎ ታትሟል፤ የሚቀረው ተማሪውን «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብሎ መጠየቅና ወደ ቦታው መምራት ብቻ ነው የሚል ሐሳብ በቀላሉ ይመጣል። እኔ በሂሳብ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪዬን በምከታተልበት ጊዜ፣ ከጥቂት የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለአካባቢው ተማሪዎች ነጻ የሂሳብ ድጋፍ ስንሰጥ ቆይተናል። በዚያ ሥራ ውስጥ ከማስረዳቱ ይልቅ የከበደን መደልደሉ ነበር። ማን ከማን ጋር ይቀመጥ? የትኛው ጥያቄ ወደ የትኛው ጠረጴዛ ይሂድ? የጠረጴዛው ስምስ ምን ይባል? ይህ ጽሑፍ የጥናት ውጤት ማቅረቢያ አይደለም፤ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ቦታ ያላገኘና ግን ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ የማምነውን ነገር ለማስፈር የተሰናዳ ነው።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ድልድሉ በክፍል ነበር። ሦስት ጠረጴዛዎች ተዘጋጁ፤ አንዱ ለ7ኛና 8ኛ፣ አንዱ ለ9ኛና 10ኛ፣ አንዱ ለ11ኛና 12ኛ። ማንም ሰው የራሱን ክፍል ስለሚያውቅ ግራ የሚጋባ አልነበረም፤ አስተባባሪዎቹም ይህን አሠራር የመረጡት ለዚሁ ሲሉ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲያመጣ እናደርግ ስለ ነበር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ማየት ልማዴ ሆነ። መጀመሪያ የታየኝም ነገር የክፍል ቁጥሩ ስለ ጥያቄው የሚነግረን በጣም ጥቂት መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የክፍል ወሰን ራሱ ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፤ ቀጥሎ 9ኛና 10ኛ፣ ከዚያም 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ሆኑ። ከዚያ በፊት የነበረው አደረጃጀት እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚል ነበር። ባለፉት ዓመታት በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ አደረጃጀት ደግሞ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኖ ወደዚያው ወደ ቀድሞው ቅርጽ ተመልሷል። እኔ በተማርኩበት ዘመን 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ዛሬ የለም። እነዚህ ወሰኖች የተዘረጉት በበጀት፣ በመምህራን ሥልጠና፣ በመማሪያ ቋንቋና በፈተና ምክንያት ነው፤ ምክንያቶቹም ተገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ወሰኑ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ክፍልፋይ መደመር ግን ያው ክፍልፋይ መደመር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። ከ7ኛ ክፍል ጠረጴዛ የመጣ አንድ ወረቀት ላይ 1/2 + 1/3 = 2/5 ተብሎ ተጽፎ «ለምን ስሕተት ሆነ?» የሚል ጥያቄ ሰፍሮበታል። በዚያው ወር ከ11ኛ ክፍል ጠረጴዛ አንዲት ተማሪ ስለ ራሽናል እኩልታ ጥያቄ ይዛ መጣች። የመጽሐፏ ጥያቄ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነበር፦ 1/ሀ + 1/3 = 1/2 ከሆነ ሀ ስንት ነው? እሷ ግራውን ወገን 2/(ሀ + 3) ብላ ጽፋ፣ ከዚያ በመስቀለኛ አባዝታ፣ ሀ + 3 = 4፣ ስለዚህ ሀ = 1 የሚል መልስ ላይ ደርሳለች። በመጽሐፉ መጨረሻ ያለው መልስ ግን 6 ነው።

«መልስሽን መልሰሽ አስገቢውና እይው» አልኋት።

«አስገብቼዋለሁ ቲቸር» አለች፤ በወረቀቷ ጠርዝ ላይም አሳየችኝ። 2/(1 + 3) ሁለት አራተኛ፣ ማለትም ግማሽ ነው። ልክ ነው።

ይህች ልጅ አታረጋግጥም፣ ቸኩላለች፣ ወይም አልጀብራ አልገባትም ማለት አይቻልም። አልጀብራውን ያለ እንከን ሠርታለች፤ መልሷንም አረጋግጣለች፤ ያረጋገጠችው ግን በራሷ በተለወጠው መስመር ላይ ስለ ሆነ ስሕተቱ ራሱን በራሱ ምስክር አደረገ። «በመጀመሪያው መስመር ላይ ሀን 1 ብታደርጊውስ?» ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ሲደመር አንድ ሦስተኛ። ጥቂት ዝም አለችና «ይኼማ ከአንድ ይበልጣል፤ እንዴት ግማሽ ይሆናል?» አለች። ጥያቄዋ የ11ኛ ክፍል ነበር፤ የተሰበረው ነገር ያለው ግን 5ኛ ክፍል አካባቢ ነው።

ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር የመደመር ስሕተት በሂሳብ ትምህርት ጥናት ውስጥ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜም «ተማሪው ክፍልፋይን እንደ ሁለት የተለያዩ ሙሉ ቁጥሮች ስለሚያየው» ተብሎ ይብራራል። ማብራሪያው ልክ ነው፤ ነገር ግን በእኛ ትምህርት ቤት ሕይወት ውስጥ ይህን ስሕተት በየሳምንቱ የሚያጠናክር አንድ ልማድ መኖሩን ወረቀቶቹን ሳይ ተረዳሁ። ተማሪው የመጀመሪያው ፈተና ከ10 ሰባት፣ ሁለተኛው ከ20 አሥራ ሁለት አገኘ እንበል። መምህሩ 7/10 እና 12/20 ብሎ ይጽፍለታል፤ ድምሩንም 19/30 ያደርገዋል። ይህ የሚደረገው በየትምህርቱ፣ በየሴሚስተሩ ነው፤ ማንም ስሕተት አይለውም፤ ስሕተትም አይደለም። ውጤት ሲደመር የሚደመረው የተገኘው ነጥብና ሊገኝ ይችል የነበረው ነጥብ ነው፤ መለኪያው እየሰፋ ይሄዳል። ክፍልፋይ ሲደመር ግን ሁለቱም ቁጥሮች የሚለኩት በአንድና ባልተለወጠ ሙሉ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሁለት። ተማሪው 2/5 ሲል ከሰማይ አላወረደውም፤ ከውጤት መስጫ ወረቀቱ ላይ ተምሮታል። ይህን ለተማሪ በግልጽ ከመንገር የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ «አንተ የሠራኸው የፈተና ውጤት ድምር ነው፤ እዚህ የተጠየቅኸው ግን የእንጀራ ድምር ነው» ማለት ለ7ኛ ክፍሉም ለ11ኛ ክፍሏም እኩል ሠርቷል።

ሁለተኛው ነገር የእኩልነት ምልክት ነው። በዚህ ላይ በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል፤ የታወቀው ጥያቄ 8 + 4 = □ + 5 የሚል ሲሆን፣ ብዙ ልጆች በሳጥኑ ውስጥ 12 ይጽፋሉ። ለእነሱ ምልክቱ «ሥራና መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ እንጂ በሁለት ወገን መካከል ያለ ሚዛን አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ወደዚህ ያዘነብላል። በክፍል ውስጥ ጮኽ ብለን ስናነብ «ስምንት ሲደመር አራት አሥራ ሁለት ይሆናል» ወይም «ይመጣል» እንላለን። «ይሆናል» የመለወጥ ግሥ ነው፤ «ይመጣል» የመድረስ። ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ናቸው፤ ወደ ኋላ አይመለሱም። አሥራ ሁለት ወደ ስምንትና አራት «ይመጣል» ብሎ ማሰብ ለልጅ ጆሮ እንግዳ ነው።

ይኸው ነገር ክፍል እየቀየረ ሲያድግ ማየት ይቻላል። 9ኛ ክፍል ላይ 3ሀ + 5 = 20 የሚለውን የሚፈታ ተማሪ 20 − 5 = 15 ÷ 3 = 5 ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ መልሱ ልክ ነው፤ መስመሩ ግን 15 ከ5 ጋር እኩል ነው እያለ ነው። 12ኛ ክፍል ላይ የአንድ ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ የሚፈልግ ተማሪ ሀ² = 2ሀ ብሎ ይጽፋል፤ «ቀጥሎ የሚመጣው» ለማለት ነው። እኔ ራሴ በአንድ ቅዳሜ እነዚህን ሁለቱን ከሁለት የተለያዩ ጠረጴዛዎች ሰብስቤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ በአምስት ዓመት ልዩነት የተነሡ የአንድ ሰው ሁለት ፎቶግራፎች መሰሉኝ። በክፍል ደልድለን በሦስት ጠረጴዛ ያስቀመጥነው አንድ ጥያቄ ነበር።

ታዲያ ድልድሉ በርእስ ቢሆንስ? ከባልደረቦቼ አንዱ ይህን ሐሳብ አቀረበ፤ ሥነ ቁጥር፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ካልኩለስ። ለእኛ ለተመራቂ ተማሪዎች የሚመች ክፍፍል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረን በዚህ መልክ ስለ ሆነ። ለተማሪው ግን ርእስ የሚታወቀው ጥያቄው ከተፈታ በኋላ ነው። የምድር ስፋት ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ ወደ ጂኦሜትሪ ይሄዳል፤ የጠፋበት ግን አስርዮሽ ማባዛት ሊሆን ይችላል። በርእስ መደልደል መልሱን የሚያውቅ ሰው ድልድል ነው።

ሦስተኛው መንገድ ተማሪውን በደረሰበት ደረጃ መደልደል ነው። በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው በ1995 እ.ኤ.አ. በሙምባይ የተቋቋመው ፕራትሃም የተባለ የሕንድ ድርጅት ያዳበረው አሠራር ነው። ልጆቹ በአጭር የቃል ምዘና ይታያሉ፤ ከዚያ በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት በዕድሜ ወይም በክፍል ሳይሆን ማንበብና ማስላት በሚችሉበት መጠን ተቧድነው ይማራሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ተመራማሪዎች መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ የዚህን ድርጅት ሥራ በተደጋጋሚ የመስክ ሙከራ መዝነውታል። አሠራሩ ውጤት ያመጣው ግን በአብዛኛው በመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ዘንድ ነው። የስምንትና የአሥር ዓመት ልጅ ከሌላ ክፍል ልጅ ጋር ሲቀመጥ ብዙ አይሰማው ይሆናል። የአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ግን ሌላ ነው።

ያቺ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከስሕተቷ ሥር ያለው ክፍልፋይ መሆኑን ከተረዳን በኋላ፣ ከባልደረቦቼ አንዷ በቅንነት «በዚያኛው ጠረጴዛ አሁን ክፍልፋይ እየተሠራ ነው፤ ሄደሽ ብትቀመጪ ይጠቅምሻል» አለቻት። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው አየችና «ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው የተቀመጠው» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ደብተሯን ግን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ማንም እንድትሄድ አልጠየቃትም። በእኔ እምነት ስለ ደረጃ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ ይህን መልስ ሊመልስ ይገባዋል። ወንድሟ ቤት ሲገባ ምን ይላል? እናቷስ?

«ደረጃ» የሚለው ቃልም ያለ ሸክም አልመጣም። እኛ ስንጠቀምበት «የደረሱበት እርከን» ማለታችን ነው። ተማሪው የሚሰማው ግን በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈውን ደረጃ ነው፤ ከስድሳ ተማሪዎች ስንተኛ እንደ ወጣ። ይህ ቃል ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በወላጅ ፊት ሲነበብ የኖረ ነው። ስለዚህ «ደረጃ አንድ ጠረጴዛ» ብሎ መጻፍ ለአንዳንዱ ማሞገሻ፣ ለሌላው ግን ማዋረጃ ነው፤ እንዲያውም አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ «ደረጃ አንድ እኔ ነኝ» ብሎ በኩራት ሄዶ የተቀመጠበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ከአገራችን የቆየ ሥርዓት አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚታወቀው በዕድሜው አይደለም። ፊደል ከቆጠረ በኋላ ወደ ንባብ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት፣ ቀጥሎም ወደ ዜማ ቤትና ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል፤ የሚያልፈውም በእጁ ያለውን ሲጨርስ ነው። በቅኔ ቤት ጀማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ እሷን ማቅረብ ሲችል ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ መወድስ ይሄዳል። «ስንተኛ ዓመትህ ነው?» ከማለት ይልቅ «ምን ላይ ደርሰሃል?» ይባላል። ጎልማሳው ከልጁ ጎን ተቀምጦ ቢቀጽል አያፍርም፤ የቀደመው ለተከታዩ ማስቀጸሉም የሥርዓቱ አካል ነው። ይህን ስል የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማስዋቤ አይደለም፤ ረኃቡም፣ ዱላውም፣ መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው፤ ለሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ዝግ ነበር። የሚያስቀናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደረጃዎቹ ስም የሥራው ስም መሆኑ። «ጉባኤ ቃና ላይ ነኝ» የሚል ሰው የሚነግረን ስለሚሠራው ነገር ነው፤ ስለ ራሱ ማነስ አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን በሁለተኛው ሴሚስተር የጠረጴዛዎቹን የክፍል ቁጥር አንሥተን በሥራ ስም ተካናቸው። «ከሙሉው ስንት?» የሚል ጠረጴዛ ለክፍልፋይ፣ ለአስርዮሽ፣ ለመቶኛ፣ ለንጥጥርና ወደር፣ ለራሽናል አገላለጾችም ጭምር ሆነ። «ሁለቱ ወገኖች» የሚለው ለእኩልታና ያለእኩልነት። «ምን ሲለወጥ ምን ይለወጣል?» የሚለው ከቀላል ሠንጠረዥና ግራፍ ጀምሮ እስከ ዴሪቬቲቭ። «ቅርጹን እንዴት አወቅህ?» የሚለው ለጂኦሜትሪ። በየጠረጴዛው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ያለ ሁሉ ይቀመጣል። ተማሪው የራሱን ክፍል ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ወደ ታች የሚወርደው ጥያቄው ነው እንጂ ተማሪው አይደለም። ያቺ የ11ኛ ክፍል ተማሪ 1/ሀ + 1/3ን እንደ ያዘች 1/2 + 1/3ን መሥራት ትችላለች፤ አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ ፊደል ያለበት ክፍልፋይ ምን እንደሚመስል ያያል።

ይህ አሠራር ከሁሉ በላይ የፈተነው እኛን አስረጂዎቹን ነው። ስለ ባናኽ ስፔስ ሴሚናር የሚያቀርብ ሰው በክፍልፋይ ሲካፈል ለምን ገልብጠን እንደምናባዛ ሲጠየቅ «ሕጉ ነው» ከማለት ሌላ መልስ ሲያጣ ታዝቤአለሁ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሊፒንግ ማ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናቷ አሜሪካውያንና ቻይናውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራን 1 3/4ን ለ1/2 እንዲያካፍሉና ለስሌቱ የሚስማማ ታሪክ እንዲፈጥሩ ጠይቃ ነበር፤ ከ23ቱ አሜሪካውያን መምህራን አብዛኞቹ ታሪኩን መፍጠር አልቻሉም። እኛ ይህንኑ ጥያቄ ለራሳችን ቡድን አቀረብነውና በእንጀራ ሠራነው። አንድ ሙሉና ሦስት ሩብ እንጀራ አለ፤ ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ቢሰጥ ለስንት ሰው ይበቃል? መልሱ ሦስት ተኩል ነው። ጥያቄውን ለተማሪዎች ስናቀርበው ግን ብዙዎቹ «ሦስት ሰው፤ ሩብ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሦስት ከሩብ» አሉ። የተረፈው ሩብ እንጀራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ሩብ የአንድ ሰው ድርሻ ግማሽ ነው። መለኪያው ከእንጀራ ወደ ድርሻ ተለወጠ። ይህን አንድ ነጥብ ለማስረዳት ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጅቷል፤ አንድም ደቂቃ ባክኗል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም 19/30 ላይ ያየነው ሙሉው ሲለወጥ አለማስተዋል እዚህም ያው ነውና።

የጂኦሜትሪው ጠረጴዛ የራሱ ጠባይ ነበረው። ኔዘርላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር ቫን ሂለና ዲና ቫን ሂለ-ጌልዶፍ በ1957 እ.ኤ.አ. በዩትሬክት ባቀረቧቸው የዶክትሬት ጽሑፎች ስለ ጂኦሜትሪ አስተሳሰብ እርከኖች የጻፉት በተመራቂ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ አልዘረዝረውም። ከእነሱ ሐሳብ ለእኔ የሚከብደው ግን እርከኖቹ አይደሉም፤ በተለያየ እርከን ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ተነጋግረው ላይግባቡ ይችላሉ የሚለው ነው። ካሬን አዙረን በማዕዘኑ ስናቆመው «አሁን ካሬ አይደለም» የሚል ተማሪና «ካሬ ማለት ጎኖቹ እኩል፣ ዘዌዎቹም ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው» የሚል አስረጂ፣ ሁለቱም «ካሬ» ይላሉ። አንዱ ስለ መልክ፣ ሌላው ስለ ጠባይ ያወራል። ይህን አለመግባባት የክፍል ቁጥር አይፈታውም፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪም በመልክ ሊያስብ ይችላልና።

በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የቋንቋ ወሰን ይደረብበታል። ሂሳብ በአንዳንድ አካባቢ ከ7ኛ ክፍል፣ በሌላው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። በአማርኛ የተማረ ልጅ ላዕልና ታህት ሲል ትርጉሙ በቃሉ ውስጥ አለ፤ አንዱ የላይኛው፣ ሌላው የታችኛው ነው። ኑሜሬተርና ዲኖሚኔተር ሲባል ግን ሁለት ድምፆችን መሸምደድ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ያቀያይራቸዋል። «ክፍልፋይ አያውቅም» ተብሎ የመጣ ልጅ በአማርኛ ሲጠየቅ አሳምሮ የሠራበት ቅዳሜ ጥቂት አይደለም። የዚህ ልጅ ደረጃ ስንት ነው? በእኔ አስተያየት ደረጃን ለመመዘን የሚዘጋጅ ማንኛውም ፈተና በሁለቱም ቋንቋ ካልቀረበ የሚመዝነው ሂሳብን ይሁን እንግሊዝኛን መለየት አይቻልም። እኛም በየጠረጴዛው ላይ የሁለቱንም ቋንቋ ስሞች የያዘ አንድ ገጽ ለጥፈናል፤ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው እሱ ነው።

አዲሱን ድልድል ሁሉም ወደውታል ማለት አይደለም። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አባት መጥተው በትሕትና፣ ግን አጥብቀው ተከራከሩን። «ልጄ የቀረው ስድስት ወር ነው፤ ከታናናሾቹ ጋር እንጀራ የሚቆርስበት ጊዜ የለውም» አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት የሌለው አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ልጁን ለዚያ ፈተና የሚያዘጋጅ ወላጅ በሌላ ነገር እንዲያምን መጠየቅ ከባድ ነው። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከቅዳሜው ሁለት ሰዓት ግማሹን በፈተና ጥያቄዎች ላይ ብቻ እንዲሠሩ ወሰንን፤ የተፈጥሮ ሳይንስና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችም የሂሳብ ፈተናቸው የተለያየ ስለ ሆነ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ይህ ከመርሐችን ማፈግፈግ ነው ያሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን አባትየው ልክ ናቸው እላለሁ፤ ለሚቸኩል ሰው ችኮላውን የሚያከብር ቦታ ሊኖር ይገባል። በቀረው ግማሽ ሰዓት ግን ልጃቸው ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል፤ በዚህም ተስማምተዋል።

አሁን ያልተፈታ ሆኖ የቀረን የቃላት ጥያቄዎች ጉዳይ ነው። «አንድ ነጋዴ ዕቃውን በ20 በመቶ ትርፍ ሸጦ 600 ብር ቢያገኝ የገዛበት ዋጋ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሙሉው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሁለት ወገኖችም አሉት፤ ምን ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥም መረዳት ይፈልጋል። ብዙዎች ከ600 ላይ 20 በመቶውን ቀንሰው 480 ይላሉ፤ መልሱ 500 ነው። እዚህም ሙሉው የትኛው ነው የሚለው ነገር ተሰውሯል፤ ነገር ግን ተማሪው ወደ «ከሙሉው ስንት?» ጠረጴዛ እንዲሄድ ብንነግረው ጥያቄው ግማሽ ተፈታ ማለት ነው፤ ካልነገርነው ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል። ለጊዜው እነዚህን ወረቀቶች ለብቻ በአንድ ካርቶን ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን፤ ከማብቃታችን በፊት ባሉት ሃያ ደቂቃዎች ከየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ተማሪዎች መጥተው አንድ ወረቀት ያወጡና የትኛው ጠረጴዛ እንደሚገባው ይከራከራሉ። ባለፈው ቅዳሜ በነጋዴው ጥያቄ ላይ የተነሣው ክርክር ሰዓቱን አልፎ ስለ ሄደ፣ የጥበቃ ሠራተኛው ክፍሉን ለመቆለፍ መጥተው እሳቸውም ቆመው አዳመጡ፤ በመጨረሻም የገዛበት ዋጋ 500 መሆኑን ከሁሉም ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ነበሩ።